ራዳሩ የያዘው ማንን ነው?

እሱ በጅጅጋና በሐረር መንገድ ላይ አይሱዙ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ ሾፌር ነው። እሷ የእህቱ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህርት ናት። በሶማሌ ልማድ እሱም እሷን፣ እሷም እሱን «አብቲ» ይባባላሉ፤ እንደ ምሥራቁ ሰው ደግሞ «አንተ»ና «አንቺ» ነው እንጂ «እርስዎ» ብሎ ነገር የለም። ወሬው ግማሹ በሶማልኛ ነበር፤ እዚህ ሁሉም በአማርኛ ሰፍሯል። ጅጅጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤ ነፋሱ የሻይ ቤቱን ሸራ እያራገበ አቧራውን ብርጭቆ ውስጥ ሊጨምረው የሚታገልበት ሰዓት።

ሾፌሩ፦ አብቲ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እስቲ ይቺን የቅጣት ወረቀት እዪልኝ። «72» ትላለች። የጫንኩት ከሐረማያ የመጣ ድንችና ሽንኩርት ነው። ድንች የጫነ አይሱዙ ሲበር አይተሽ ታውቂያለሽ?

መምህርቷ፦ አይቻለሁ። ከካራማራ ወደ ከተማው ሲወርድ። ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፤ የምትነዳውም አንተ ነበርክ።

ሾፌሩ፦ ያኔ ባዶዬን ነበርኩ። ይሄ ሌላ ነው። አንድ ከተማ መግቢያ ላይ...

መምህርቷ፦ የትኛው ከተማ?

ሾፌሩ፦ ስሙን ተይው፣ ነገም የማልፍበት ነው። ጌጁ ላይ ከ65 ፈቅ አላልኩም። አንድ ላንድክሩዘር ጥሩምባውን እየነፋ ብን ብሎ ቀደመኝ። ትንሽ እንደሄድኩ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ። ላንድክሩዘሩን አይደለም፣ እኔን! ሽጉጥ የመሰለችውን ራዳሩን አዞረና ቁጥሩን አሳየኝ። «ማሽን አይዋሽም» አለኝ። ታዲያ የዋሸሁት እኔ ነኝ?

መምህርቷ፦ ማሽኑ ሳይዋሽ፣ አንተም ሳትዋሽ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የቱን መኪና እንደለካ ማሽኑ ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያነጣጠረው ሰው ነው።

ሾፌሩ፦ ተባረኪ! በይ ይህን በጽሑፍ አድርጊልኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ።

መምህርቷ፦ ቆይ እንጂ፣ ገና አልጀመርንም። እናንተ ሾፌሮች «ራዳር» የምትሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ሌላው ሌዘር። ሁለቱም በመሠረቱ ብርሃን ናቸው። የሬዲዮ ሞገድ ማለት ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፤ የፖሊስ ሌዘርም ብዙውን ጊዜ የሞገዱ ርዝመት 905 ናኖ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አይታይም። ሩጫቸው አንድ ነው፤ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር። አለካካቸው ነው የማይገናኘው።

ሾፌሩ፦ እሱን ነው ያልገባኝ። በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነገር፣ እኔ በ65 ልሂድ በ72 ከምን ቆጥሮት ያስተውለዋል? ለእሱ እኮ እኔ የቆምኩ ነኝ።

መምህርቷ፦ ተማሪ እንዲህ ቢጠይቀኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ከሬዲዮው እንጀምር። አውቶቡስ ጥሩምባ እየነፋ አጠገብህ ሲያልፍ ድምፁ ምን ይሆናል?

ሾፌሩ፦ ሲመጣ ቀጠን ይላል፣ ካለፈ በኋላ ይወፍራል።

መምህርቷ፦ ይህን ክርስቲያን ዶፕለር የሚባል ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1842 በሒሳብ አስቀመጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የሆላንድ ሳይንቲስት ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭኖ፣ ጆሮ ያላቸውን ሙዚቀኞች ደግሞ ከሐዲዱ ዳር አቁሞ ፈተነው። ድምፁ ባቡሩ ሲቀርብ ቀጠነ፣ ሲርቅ ወፈረ። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ራዳሩ በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ይልክብሃል። ወደ እሱ እየመጣህ ስለሆነ ሞገዱ ከግንባርህ ነጥሮ ሲመለስ ትንሽ ፈጠን ብሎ ነው የሚርገበገበው። በ72 ብትሄድ የሚጨምረው በሰከንድ 3,220 ርግብግቢት ያህል ብቻ ነው።

ሾፌሩ፦ ከ24 ቢሊዮን ላይ ሦስት ሺህ! ይህን ለይቶ ያውቀዋል?

መምህርቷ፦ ለብቻው ቢቆጥረው ይቸገር ነበር። ስለዚህ የላከውንና የተመለሰውን ያደባልቃቸዋል። ካባን የምንለውን ዑድ ስትቃኝ ሁለቱ ክሮች ሊገጥሙ ትንሽ ሲቀራቸው ድምፁ ዋው፣ ዋው፣ ዋው እያለ ይመታል አይደል? ያ ምት የልዩነታቸው ቁጥር ነው፤ ክሮቹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ማወቅ አያስፈልግህም። ራዳሩም ቢሊዮኖቹን ይጥልና ልዩነቱን ብቻ ያስቀራል። 3,220 ደግሞ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። አንዳንድ ራዳሮች ለፖሊሱ ያንኑ በድምፅ ማጉያ ያሰሙታል፤ የለመደ ሰው ፍጥነቱን ስክሪኑን ሳያይ በጆሮው ይገምታል።

ሾፌሩ፦ እና የእኔና የላንድክሩዘሩ ተደባልቆበት ይሆናል አትዪኝም?

መምህርቷ፦ በሬዲዮው ከሆነ ይቻላል። ጨረሩ እየሄደ ይሰፋል። 12 ዲግሪ ቢከፈት 100 ሜትር ላይ ስፋቱ ወደ 21 ሜትር ነው፤ 200 ሜትር ላይ ወደ 42። መንገዱንም፣ ባጃጁንም፣ ዳር ላይ የሚግጠውንም ፍየል ያቅፋል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው አብልጦ ያንጸባረቀውን ነው፤ ያ ማለት ትልቁን። አንዳንዱ ደግሞ ፈጣኑን ለይቶ ያወጣል። ስለዚህ ከትልቅ መኪና ጀርባ ፈጣን መኪና ካለ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚፈርደው የፖሊሱ ዓይን ነው።

ሾፌሩ፦ አለቀ! ይሄው ነው የእኔ ጉዳይ። ትልቅ መኪና፣ ፈጣን መኪና፣ አንድ ፖሊስ።

መምህርቷ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስክሪኑን ሲያሳይህ አንድ ቁጥር ነበር ወይስ ሁለት?

ሾፌሩ፦ ሁለት። ላይ 72፣ ከታች 214። ሰዓቱ መስሎኝ ነበር።

መምህርቷ፦ አብቲ፣ 214 ሜትር ነው። ርቀት የሚያሳየው ሌዘሩ ነው። ተራው የመንገድ ራዳር ርቀትህን አያውቅም።

ሾፌሩ፦ እና ተበላሁ?

መምህርቷ፦ ገና ነው። ግን ያ ሁሉ የዶፕለር ወሬ ለአንተ ጉዳይ አይሠራም። የእጅ ሌዘሩ የሚቆጥረው ጊዜ ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ይህን ብቻ ያዝልኝ። ሽጉጧ አጭር የብርሃን ምት ትልካለች፤ ምቱ አንተ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ትጠብቃለች። 214 ሜትር ላይ ደርሶ መልሱ አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ ደግማ ትልካለች፣ ደግማ ትልካለች፤ በሰከንድ ሲሶ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ምት። በ72 ስትመጣ በዚያች ሲሶ ሰከንድ ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ትቀርባታለህ። ብርሃኑ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚያጥርለት መንገዱ 13 ሜትር ይቀንሳል፣ ጊዜው ደግሞ በ44 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ። ያቺን 44 ነው ወደ 72 የምትቀይረው።

ሾፌሩ፦ ስለዚህ ፍጥነቴን አልለካችም።

መምህርቷ፦ አልለካችም፣ አስልታ ነው ያገኘችው። ደግሞ ልብ በል፤ ድሮ ሰው የሚደክመው የብርሃንን ፍጥነት ለማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 ፊዞ የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ በሁለት ኮረብቶች መካከል 8,633 ሜትር አስለክቶ፣ ብርሃኑን በሚሽከረከር ጥርስ ባለው ጎማ እየቆራረጠ ነው ያገኘው። ዛሬ ተገልብጧል። ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ የብርሃን ፍጥነት ተወስኖ ያደረ ቁጥር ነው፤ ሜትር ራሱ የሚቆረጠው ከእሱ ነው። ፖሊሱ እጅ ላይ ያለችው ሽጉጥ ያንን ቁጥር አምና ነው የምትሠራው።

ሾፌሩ፦ እኔ ፈረንሳዊውን አላማሁም። ሌዘሯ ላንድክሩዘሩ ላይ ብታርፍስ ነው የምልሽ።

መምህርቷ፦ የሌዘር ጨረር ቀጭን ነው። 100 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር፣ 214 ላይ 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚሰፋው። የአንተን ታርጋና ትንሽ ግራ ቀኙን ቢይዝ ነው። ታርጋ ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልስ ቀለም ስላለው ፖሊሶች እሱ ላይ ማነጣጠር ይወዳሉ። በዚያ ርቀት እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ግን አዎ፣ ጎረቤት መኪና ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ሾፌሩ፦ ይሄው!

መምህርቷ፦ ላንድክሩዘሩ እንዴት ነበር የቀደመህ?

ሾፌሩ፦ ነገርኩሽ እኮ፤ ብን ብሎ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ከፊቴ ተሰወረ።

መምህርቷ፦ 72 የእሱ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ፣ አንተ በ65 እየሄድክ፣ የሚበልጥህ በሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ያ በሰከንድ ሁለት ሜትር አይሞላም። የአይሱዙህ ርዝመት ሰባት ሜትር፣ የእሱ አምስት፤ ከኋላህ ተነሥቶ እስኪያልፍህ ስድስት ሰከንድ ጎንህ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ስድስት ሰከንድ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትነዳው?

ሾፌሩ፦ (ሻዩን ፉት ብሎ) አንቺ ልጅ፣ እናትሽም እንዲህ ነበረች።

መምህርቷ፦ ላንድክሩዘሩ 100 ወይም ከዚያ በላይ ነበር። እሱ ቢያዝ 100 ይወጣ ነበር። 72 የእሱ አይደለም።

ሾፌሩ፦ ጎንዮሽ ይዞኝስ ቢሆን? ትራፊኩ የቆመው ከመንገዱ ዳር ነው። በጎን ሲያዩት ሁሉ ነገር ይዛባል ይላሉ።

መምህርቷ፦ ይዛባል፣ ለአንተ እያደላ። መሣሪያው የሚያየው ወደ እሱ የምትቀርብበትን ፍጥነት ብቻ ነው። ከመንገዱ ጋር 20 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ ቢቆም የመቶውን 94 ያነባል፣ በ30 ዲግሪ 87። ቆሞ የሚለካ ፖሊስ በጎን በቆመ ቁጥር የሚጠቀመው ሾፌሩ ነው። ደግሞ እሱ ከመንገዱ አምስት ሜትር ቢርቅ አንተ 214 ሜትር ላይ ስለሆንክ ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ከምናምን ነው፤ ከቁጥር አይገባም።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ለእኔ የሚያደላ ስህተት ብቻ ነው ያለው? አንድ እንኳ የሚጎዳኝ የለም?

መምህርቷ፦ አለ፤ እሱን ልነግርህ ነበር። ምቶቹ በሚላኩባት በዚያች ሲሶ ሰከንድ ውስጥ የፖሊሱ እጅ ቢንሸራተትና ጨረሩ ከመኪናው አንድ ቦታ ወደ ሌላው ቢሄድስ? ኮፈን ባለው አውቶሞቢል መጀመሪያ መስታወቱን፣ ቀጥሎ እያዘቀዘቀ ኮፈኑን ጫፍ ድረስ ቢይዝ፣ መኪናው ከሄደው በላይ አንድ ሜትር የቀረበ ይመስለዋል። አንድ ሜትር በሲሶ ሰከንድ ማለት 11 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። ቀላል አይደለም።

ሾፌሩ፦ በይ፣ ያዝናት!

መምህርቷ፦ የአይሱዙ ግንባር ግን ግድግዳ ነው። የሚንሸራተትበት ኮፈን የለውም። ከጋቢናው በላይ የሚታየው የጭነቱ ሸራ ከግንባሩ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ ታርጋው ቢወርድ በአንድ ጊዜ ዘልሎ ነው የሚወርደው። መሣሪያው ምቶቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ በአንድ መስመር ካልተደረደሩለት ቁጥር አልሰጥም ብሎ እንዲጥለው ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቀስ ያለ መንሸራተት ያሳስተዋል፤ ዝላይን ግን ይነቃበታል።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ናት። ለሰባት ኪሎ ሜትር ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት?

(እዚህ ላይ ወሬው ለረጅም ጊዜ ወደ ግመል ዞረ። የማን ግመል የት እንደተገጨ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ስንት እንደተፈረደ፣ ሌሊት የግመል እግር በመብራት ሲታይ ምን እንደሚመስል። ብዙውን ትቼዋለሁ፤ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ቀጥሎ ያለው ነው።)

መምህርቷ፦ ደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ፍሬን፣ አንድ ሰከንድ መደንገጫ እንስጥህ። በ65 ብትሄድ 41 ሜትር ላይ ትቆማለህ። በ72 ከሆነ ወደ 49 ሜትር ትሄዳለህ። ግመሉ 42ኛው ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። የ65ቱ ሾፌር አፍንጫው ሥር ይቆማል። የ72ቱ ሾፌር ግመሉ ጋ ሲደርስ ገና በ35 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ እየሄደ ነው። ድንች የጫነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ሾፌሩ፦ ሰባቷ ሠላሳ አምስት ሆነች?

መምህርቷ፦ ፍሬን የሚበላው ጉልበትን እንጂ ፍጥነትን አይደለም። ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ የትርፏ ሰባት ጉልበት እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል።

ሾፌሩ፦ ግመሉን ተቀበልኩሽ። ብርሃኑን ግን አላምንም። አንድ ሰው በእጁ ይዞ፣ በዓይን ጥቅሻ፣ «72» ብሎ የሰው እንጀራ ላይ ይፈርዳል?

መምህርቷ፦ የምትቃወመው ጥድፊያውን ከሆነ ልክ ነህ። ብርሃን ቢታገሡት ምን እንደሚናገር ልንገርህ? ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ አለ።

ሾፌሩ፦ ቡና?

መምህርቷ፦ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ይባላል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡ አለ። የኢትዮጵያ ድርሻ ይህ ነበር። ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ የሚገኘውም አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተረቱና ዕጣው ተገጣጠሙ።

ሾፌሩ፦ ጅጅጋን ቢጠይቁን ሻሂ ነበር የምንለው። በግመል ወተት።

መምህርቷ፦ አቦልን ፈልገው ሲያገኙት እሱን ራሱን አላዩትም። ያዩት የኮከቡን ብርሃን ነው። ፕላኔቱ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሲዞር ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ይጠባል፣ ሲሸሽ ይለጠጣል፤ ያው የአውቶቡሱ ጥሩምባ። የሚወዛወዝበት ፍጥነት በሰከንድ 50 ሜትር አካባቢ ነው።

ሾፌሩ፦ ያ በእኛ ስንት ነው?

መምህርቷ፦ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ያ ላንድክሩዘር ቢጨክን የሚደርስበት ፍጥነት።

ሾፌሩ፦ ከ200 የብርሃን ዓመት ርቀት? ወላሂ?

መምህርቷ፦ ወላሂ። ብርሃኑ የሚቀየረው ከስድስት ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ሰዎች የኮከቡን ብርሃን በአዮዲን ትነት ውስጥ አሳለፉት፤ አዮዲኑ የማይንቀሳቀሱ ጥቋቁር መስመሮች ይጥልበታል፣ የኮከቡ መስመሮች ከእነዚያ አንጻር ይለካሉ። ደግሞ እኛ ራሳችን በምድር ላይ ሆነን ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ስለምንዞር ያንን መቀነስ ነበረባቸው። የለኪው ፍጥነት ከተለኪው 600 እጥፍ ይበልጣል! አንድ ዙሩ 2.7 ዓመት ስለሚፈጅ ደግሞ ለዓመታት ነው የጠበቁት። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ሾፌሩ፦ ለኮከብ ዓመታት፣ ለእኔ ሲሶ ሰከንድ።

መምህርቷ፦ ኮከቡ ይግባኝ አይልም፣ ግን እንዳልከው ነው። ሌዘሩ ቅርብ ስለሆነና ብርሃኑን ራሱ ስለሚልክ ሲሶ ሰከንድ ይበቃዋል፤ በዚህ አልከራከርህም። የምከራከርህ ሌላ ነገር ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ቁጥሩን ሲያወጡ በምን እንደለኩ፣ ስህተቱ ስንት እንደሆነ፣ መሣሪያው በምን እንደተስተካከለ አብረው ጻፉት። ያንተ ወረቀት ላይ 72 ብቻ ነው ያለው። 214 እንኳን አልተጻፈም፤ አንተ ባታስታውሰው ጠፍቶ ነበር። ርቀቱ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀን፤ እነዚህ ወረቀቱ ላይ መኖር አለባቸው ባይ ነኝ። ሾፌሩ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም።

ሾፌሩ፦ እና የእኔ 65ስ? ጌጁም እኮ ማሽን ነው።

መምህርቷ፦ ጌጁ መንገዱን አያይም። ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥርና አንድ ዙር ይህን ያህል ሜትር ነው ብሎ ይገምታል። የሚገምተው ፋብሪካው በገጠመለት ጎማ ነው። አንተ ደግሞ የኋላውን ቀይረሃል።

ሾፌሩ፦ ከ7.50 ወደ 8.25። ጭነት ይችላል ብለውኝ ነው። ርካሽ አገኘሁት፤ ከየት እንደመጣ አትጠይቂኝ።

መምህርቷ፦ አልጠይቅም። በአንድ ዙር ከ100 ስድስት ያህል ተጨማሪ ይሄዳል፤ ጌጁ ግን አልሰማም። 65 ሲልህ 69 ነህ። የቀሩት ሦስቱ ዓይንህ መርፌዋን ያነበበበት አንግል ይሆናል።

ሾፌሩ፦ ይህንንም በቃል ነው የምትነግሪኝ። ማን አየው?

መምህርቷ፦ ስልክህ ያየዋል። ጂፒኤስ ከላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉ ሳተላይቶችን ይሰማል፤ እነሱም በሰከንድ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ስልኩ ፍጥነትህን የሚያወጣው የሞገዳቸው ርግብግቢት ምን ያህል እንደተቀየረ አይቶ ነው፤ ዶፕለር እንደገና። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ፣ ፍጥነትህን ሳትቀያይር ከነዳህ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሳሳትም።

ሾፌሩ፦ ነገ ጠዋት ባዶዬን ነኝ። ካራማራ ድረስ ወጥተን እንመለስ?

መምህርቷ፦ ካራማራ መታጠፊያ አለው፣ ዳገት አለው። ወደ ቀብሪበያህ እንውጣ፤ ሜዳው ቀጥ ያለ ነው። አንተ መርፌዋን 65 ላይ ያዛት፣ እኔ ስልኩን እያየሁ እጽፋለሁ።

ሾፌሩ፦ ስልኩ 70 ወይ 72 ካለስ?

መምህርቷ፦ ቅጣቱን ክፈልና ጎማውን መልስ።

ሾፌሩ፦ 65 ካለስ?

መምህርቷ፦ ያኔ አብሬህ እሄዳለሁ። መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።